ሰውየው ሐሙስ ይመጣል

ባለፈው ሰሞን ስልኬን ስበረብር አንዲት ማስታወሻ አገኘሁ። እንዲህ ትላለች፦ «ሰውየው ሐሙስ ይመጣል። ስለ 400ው። እንዳይረሳ።»

ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ስልኩም የኔ ነው። ነገሩ ግን የማን እንደሆነ እንጃ።

ሰውየው ማን ነው? 400ውስ ምንድን ነው? ብር ከሆነ ተበድሬ ነው አበድሬ? ኪሎ ከሆነ የሽንኩርት ነው የማሾ? ችግኝ ከሆነ የፓፓያ ነው የማንጎ? «እንዳይረሳ» ያልኩትም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። «ረ»ን አላልቶ ላነበበው ሰውየው ራሱ እንዳይረሳ ነው፤ አጥብቆ ላነበበው ደግሞ ነገሩ በኔ እንዳይረሳ። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ማን ማንን ማስታወስ እንዳለበት እንኳ መለየት አቃተኝ።

ይህ አመል የቆየ ነው። በአስተማሪነት የመጀመሪያ ዓመቶቼ በጠመኔ ካርቶን ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። ቀጥሎ መዳፌ ላይ፤ ግን የሸዋ ሮቢት ላብ ከመዳፍ ጋር አይስማማም፣ እስከ ምሳ ሰዓት ጽሑፉ ወደ ክርኔ ይወርዳል። ከዚያ ደብተር መጣ፣ ከደብተር በኋላ ቴሌግራም። ቴሌግራም ላይ ለራሴ መልእክት መላክ ስጀምር ሚስቴ «ለማን ነው እንዲህ ሌት ተቀን የምትጽፈው?» አለችኝ። «ለራሴ» ብላት አላመነችም። እውነቷን ነው፤ ሰው ለራሱ ይህን ያህል የሚያወራው ከየት ያመጣል?

በመጨረሻም የእህቴ ልጅ የማስታወሻ መተግበሪያ ጫነልኝ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያጠና ልጅ ነው፤ ለእረፍት ወደ ቆላው ሲወርድ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይዞልኝ ይመጣል። በዚህኛው አመጣጡ ግን ከቆሎው ጋር ሐሳብ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ጽፈው መልሰው ካላነበቡት ምን ዋጋ አለው? ከኤአይ ጋር ላገናኝልዎት።»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ስንባል አድገናል። ማን እንደሚወርሰው ግን የነገረን የለም። እኔ የምጽፈው ለማስታወስ ይመስለኝ ነበር። የእህቴ ልጅ አፍ አውጥቶ ሲጠይቀኝ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ለካ የምጽፈው በሰላም ለመርሳት ኖሯል። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ጭንቅላቴ «ተመዝግቧል» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

እንዴት እንደሚገናኝ አስረዳኝ። ዱሮ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ቻርጀር ነበረው፤ የአንዱ ቀጭን፣ የሌላው ጠፍጣፋ፣ ጎረቤት ብትለምን አይገጥምልህም። ኤአይና ሌሎች መተግበሪያዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ አንዱን ከአንዱ ለማገናኘት በየጊዜው አዲስ ሽቦ መቀጠል ያስፈልግ ነበር። በኅዳር 2017 አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የሚባል አንድ ዓይነት መሰኪያ አውጥቶ «ማንም ይጠቀምበት» ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ የማስታወሻ ደብተሩም፣ ቀን መቁጠሪያውም፣ ኢሜይሉም በዚያው ቀዳዳ ይሰካል አለኝ። ቻርጀሩን ስለማውቀው ገባኝ።

ስልኩ ጠየቀ፦ ረዳቱ ማስታወሻዎችዎን እንዲያነብ ይፈቅዳሉ? እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ? እንዲሰርዝ ይፈቅዳሉ?

«መሰረዝ ደግሞ ለምን?» አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ማንበቡንና መጻፉን ፈቅጄ መሰረዙን ከለከልኩ። የእህቴ ልጅ «ጎበዝ» አለኝ፣ ተማሪዎቼን በምልበት ድምፅ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ፤ የቀረውን በማግስቱ ጨረስነው።

ዱሮ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚኖረው ንጉሥ ብቻ ነበር። ምኒልክ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሯቸው፣ ኃይለ ሥላሴ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ። እኔ የሁለት ጥማድ ማሾ ጌታ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በቬንትሌተር ሥር በሸራ ጫማ ተቀምጬ ጸሐፌ ትእዛዝ አገኘሁ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ አልዋሽም።

ኩራቱ አሥር ደቂቃ ቆየ።

«አጠቃላይ ሁኔታዬን ንገረኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ነገረኝ። «1,340 ማስታወሻዎች አሉዎት። በ212ቱ ውስጥ ‹እንዳይረሳ› የሚል ቃል ይገኛል። ‹ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ› የሚለውን በ11 የተለያዩ ቀናት ጽፈኻል። ከዚህ ውስጥ አራቱ በተከታታይ ቀናት የተጻፉ ናቸው። ልረዳሽ የምችለው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

በእርስዎ ጀምሮ፣ በአንተ አልፎ፣ አንቺ ላይ አሳረፈኝ። እንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ብሎ የሚገላገለውን እኛ ጋ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋዋል። ሌላው ሁሉ ግን ልክ ነበር፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ብቅል ቢያንስ መጠጣት ይጠይቃል። እኔ አልጠጣሁም፤ ሚስቴም ቡናዋን እያፈላች ነበር። «እስቲ ስለኔ ምን እንደጻፈ ጠይቀው» አለችው የእህቴን ልጅ። ልጁ ጅል ነው፣ ጠየቀ።

«ስለ ባለቤትዎ 46 ማስታወሻዎች አሉ። 44ቱ የአስቤዛ ዝርዝሮች ናቸው፦ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሳሙና። አንዱ ‹ልደቷ መቼ ነው? እህቷን ጠይቅ› ይላል። አንዱ ‹የወንድሟን ብድር አታንሳ፣ በተለይ በዓል ሲደርስ› ይላል።»

ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ተነሣ። ለሦስት ቀን ቤታችን በቆላው መካከል የደጋ አየር ነበረው።

ደግነቱ ጸሐፌ ትእዛዜም ይሳሳታል። እንዲያውም እንደ ሰው የወደድኩት መሳሳት ሲጀምር ነው።

«ባለፈው ዓመት ስንት አመረትኩ?» አልኩት። «12 ኩንታል ፋኖስ» አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ማስታወሻው «12 ኩንታል ማሾ» ይላል። ማሾ የሚባለው ነገር አንድም የላምባ መብራት ነው፣ አንድም በቀወት ወረዳና በአካባቢው ቆላ የምንዘራት፣ በምርት ገበያ በኩል አልፋ ባሕር የምትሻገር አረንጓዴ ጥራጥሬ። ልጅ ሆኜ ያጠናሁት በማሾ ነው፤ ሸምግዬ የምሸጠውም ማሾ ነው። ጭንቅላቱን በአዲስ አበባ መጻሕፍት የሞላ ረዳት ይህን ከየት ይወቀው? መብራት በኩንታል አይሰፈርም ብሎ መጠርጠር ግን ይችል ነበር።

«እሁድ ሰንበቴ» ብዬ የጻፍኩትን ደግሞ «መንፈሳዊ ጉዳዮች» የሚል ክፍል ከፍቶ አስገባው። የቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ፣ ጠላና ዳቦ ያለበት መስሎት ነው። እኔ ያልኩት ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሰንበቴን ነው፤ እሁድ እሁድ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው የሚገናኙበትን ገበያ። ልገዛ የነበረው ፍየል ነው። ፍየሉን ከመንፈሳዊ ጉዳዮች ሥር ሳገኘው ለሚስቴ አሳየኋት፤ ከሦስት ቀን በኋላ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። «ሮቢት» ስልም ቆቦ አጠገብ ያለችውን ሮቢት ነበር የሚያስባት። እኛስ ብንሆን ከሮቢቷ በፊት «ሸዋ» የምንለው ለምን ሆነና።

ሰዓቱ ግን አስቀጣኝ። «እሁድ 2 ሰዓት የእድር ስብሰባ» ብዬ ጽፌ፣ «አስታውሰኝ» አልኩት። አስታወሰኝ፤ ከቀኑ በ8 ሰዓት። እሱ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ነው፤ እኛ ከጠዋትና ከምሽት። በሰዓት ስድስት፣ በዓመት ሰባት ስምንት ወደ ኋላ በሚቆጥር አገር ረዳት መሆን ቀላል አይደለም። ስደርስ ወንበሩ ተቆልሏል፣ የእድሩ ጸሐፊ ከስሜ ፊት «ቀሪ» ብሎ 50 ብር ቅጣት ጽፏል። «ስልኬ ነው» ብለው «ስልክህ የእድሩ አባል አይደለም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2017 የጻፍኩትን የሽንኩርት ሒሳብ በፈረንጁ ቆጥሮ «ይህ ስምንት ዓመት የሆነው ማስታወሻ ነው፤ ወደ ማኅደር ላውርደው?» አለኝ። ሽንኩርቱ ገና ተከፍሎ አላለቀም።

እዚህ ላይ የታሪክ አስተማሪው ባልደረባዬ ጣልቃ ገባ። እሱ ሁሉን ነገር ወደ ይፋት ሱልጣኔት ካልወሰደ ቡና አይወርድለትም። «አዲስ ነገር አይደለም» አለኝ። በ14ኛው መቶ ዘመን አል-ዑመሪ የተባለ ጸሐፊ ካይሮ ተቀምጦ ስለ ይፋት ጽፏል፤ ሰብሉን፣ ከተማውን፣ ሠራዊቱን ሁሉ። ይፋትን ግን በዓይኑ አላያትም። ሼህ ዐብደላህ የተባሉ የዘይላ ሰው ለመልእክት ካይሮ ሄደው የነገሩትን ነው የጻፈው። «ረዳትህም ያው ነው። ዘይላዊው ሼህ አንተ ነህ፤ የምትነግረው ግን ግማሹን ነው።»

ቀጠለ፣ መቼም ካልቀጠለ አይሆንለትም። ከይፋት በፊት እዚሁ ሸዋ ውስጥ የመኽዙሚዎች ሱልጣኔት ነበር። በ1285፣ በፈረንጁ መሆኑ ነው፣ የይፋት ገዥዎች ወላስማዎች ገለበጡት። ስለዚያ ሱልጣኔት ብዙውን ነገር የምናውቀው ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለ ጣሊያን በ1941 ካሳተማት አጭር የዐረብኛ ጽሑፍ ነው። እገሌ ነገሠ፣ እገሌ ሞተ፣ እገሌ እገሌን ወጋ፤ በቃ፣ ማስታወሻ ናት። «ማን ጻፋት?» አልኩ። «ማን ያውቃል፣ እንዳንተ ያለ አንድ ሰው ነዋ» አለ። ትንሽ ደስ አለኝ። ቢሆንም ያ ሰው ስሞቹን ጽፏል እኮ፤ «ሰውየው ነገሠ» ብሎ አላለፈም።

ወደ ሰውየው ልመለስ።

«ሐሙስ የሚመጣው ሰውዬ ማን ነው?» ብዬ ረዳቱን ጠየቅኩት። ፈለገ። «ሐሙስን በተመለከተ አንድ ማስታወሻ ብቻ አገኘሁ» አለ፤ ራሷኑ መልሶ አነበበልኝ። ቀጥሎ ሳልጠይቀው በሙሉ ልብ ተነተነ፦ ሰውየው የግብርና ግብዓት አቅራቢ ሳይሆን አይቀርም፣ 400 ደግሞ በኪሎ ግራም የተገለጸ የማዳበሪያ መጠን ሊሆን ይችላል። አነጋገሩ ስላማረ ለግማሽ ሰዓት አምኜው ጎተራ ውስጥ ማዳበሪያ ስፈልግ ነበር።

ምስጢሩን ያገኘው የእህቴ ልጅ ነው። ረዳቱ 1,340ውን ሁሉ በየጊዜው አያነብም፤ በቃል ፈልጎ የተገኙትን ጥቂቶች ብቻ ነው አውጥቶ የሚያያቸው። «ሐሙስ» ተብሎ ሲታዘዝ በሐመሩ ሐ የተጻፈውን ብቻ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ጣቴ ቀድሞ የሚያገኘው ሃሌታው ሀን ነው። መነጽሬን ካላደረግሁ ብዙኃኑ ኀም ይገባል። ለጆሯችን አንድ የሆነው ለማሽኑ ሦስት የማይተዋወቁ ቀኖች ናቸው። ይህን ለአማርኛ አስተማሪው ስነግረው በደስታ ከወንበሩ ተነሣ። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ ‹ትክክለኛው ኀሙስ ነው› ስላችሁ ስቃችሁብኛል!» አለ። አሁንም ሳቅንበት።

ልጁ ረዳቱን «ሦስቱን ‹ሀ› እንደ አንድ ቁጠር፣ ሁለቱን ‹ሰ›ም፣ ሁለቱን ‹ጸ›ም፣ ሁለቱን ‹አ›ም» ብሎ አዘዘው። ያን ጊዜ የተቀበረው ሁሉ ተነሣ፦

«ሀሙስ። ሰውየው አልመጣም።»

«ሀሙስ። ሰውየው መጥቶ ነበር አሉ። አልነበርኩም።»

«ኀሙስ። ሰውየውን ይቅርታ ጠይቅ።»

«ሀሙስ። ሰውየውን አየሁት። አላነሣውም፣ አላነሣሁም።»

«ሀሙስ። ይሄ ሰውዬ ደግ ሰው ነው። 400ውን እንጨርስ።»

«በእርስዎና በሰውየው መካከል» አለ ረዳቱ፣ «ቢያንስ ሰባት ወር የቆየ ግንኙነት ያለ ይመስላል።»

ለኔም መሰለኝ።

በዚሁ ፍለጋ መካከል ሌላ ጉድ ወጣ። ረዳቱ ድንገት «በማስታወሻው ላይ በታዘዘው መሠረት መልእክቱን ለ12 ሰዎች ላስተላልፍ? የተቀባዮቹን ስም ይንገሩኝ» አለ። ምንድን ነው ብለን ብናየው፣ ከዓመት በፊት አንድ ዘመድ የላከልኝ ነው፤ «ይህን ጸሎት ለ12 ሰው ያላስተላለፈ መዓት ይወርድበታል» የሚል። ያኔ ለመጣልም ለማስተላለፍም ፈርቼ ማስታወሻ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። የእህቴ ልጅ ሳቁን ገታ አድርጎ ነገሩ የቀልድ እንዳልሆነ አስረዳኝ። እነዚህ ረዳቶች የባለቤቱን ትእዛዝና በሚያነቡት ጽሑፍ ውስጥ ያለን ትእዛዝ ሁልጊዜ አጥርተው አይለዩም፤ ይህን ያወቀ ክፉ ሰው በወረቀት መሐል ትእዛዝ ሸሽጎ የሰው ረዳት ሊያዝበት ይችላል። መሰረዙን በመከልከሌ ራሴን አመሰገንኩ። ይሄኛው ቢያንስ ጠየቀኝ። እኔ ለዓመት የፈራሁትን መዓት እሱ በአንድ መስመር ሊጨርሰው ነበር።

መላው ሲጠፋኝ ሱቅ ወረድኩ። የሰፈራችን ባለሱቅ እትዬ የዱቤ ደብተር አላቸው፤ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ በላስቲክ የታሰረ። ሲገልጡት ሰርቄ አያለሁ። ስም የሚባል የለበትም። «ባለቀይ ባጃጁ 85»፣ «ጥርሰ ወርቁ 140»፣ «ያቺ የምትስቀው፣ ሳሙና 2»፣ «መምህሩ» የሚለውም አለ፤ ከፊቱ ያለውን ቁጥር አልናገርም። አንድም ቀን ተሳስተው ግን አያውቁም።

ጉዳዬን ነገርኳቸው። ስኳር እየሰፈሩ አዳመጡኝ።

«መምህር፣ እኔ ‹ባለ ባጃጁ› ብዬ ስጽፍ ሰውየውን በቀን ሁለቴ አየዋለሁ። ባላየው ስልኩን እጠይቃለሁ፣ ስልኩ ባይነሣ እናቱን አውቃለሁ። እርስዎ ከጻፉት በኋላ ማንን አዩ?»

«ይሄን ደብተር ከኤአይ ጋር ባገናኝልዎትስ?» አልኳቸው፣ ወሬ ለማስቀየር።

«ተወኝ እባክህ!» አሉ፤ ሲደነግጡ አንቱታው ይጠፋቸዋል። «ለማን ዱቤ እንደሰጠሁ የምናውቅ እኔና ፈጣሪ እንበቃለን። ደግሞ አሁን ያልከው ነገር ዱቤ ላለበት ሰው ሁሉ ‹ክፈል› እያለ ቢልክስ? ነገ ማን ሱቄ ይመጣል?»

የእህቴ ልጅ በሁለት ቀን ያላስረዳኝን አስረድተውኝ ስኳሬን ሰጡኝ። መምህሩ ከሚለው ፊት 60 ጨመሩ።

ሐሙስ ደረሰ፤ በየትኛው ሀ እንደሆነ አንባቢ ይምረጥ። መናኸሪያው አጠገብ፣ የሽንኩርት ጆንያ ከሚጫንበት ጥላ ሥር ቆሜ ሳለሁ ከጀርባዬ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

«መምህር! ጠፋህ እኮ!»

ዞርኩ። ፊቱን አውቀዋለሁ። በደንብ አውቀዋለሁ። ስሙ ግን፣ ስሙን ቄስ ይጥራው። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ሙቀቱን ረገምን፣ ዝናቡን ተመኘን፣ የልጆችን ደህንነት ተጠያየቅን። የኔን ልጆች በስም አልጠራም፤ እኔም የሱን።

«ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«የቱ?» ማለት ነበረብኝ። ሰባት ወር ግን «የቱ?» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። «እየተያዘ ነው» አልኩ።

«400ው ነው እኮ።»

«አዎ፣ 400ው።»

«በዚሁ ይለቅ ነው የምትለው?»

«ባያልቅም ችግር የለውም።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው» አለ፣ በጣም እየተደሰተ። ሩብ ሰዓት አወራን። ዋጋው እንደጨመረ ተስማማን፣ ጊዜው እንደከፋ ተስማማን፣ ሦስተኛ ሰው ጣልቃ ባይገባ ይሻል እንደነበርም ተስማማን። አንድም ጊዜ ነገሩ በስሙ አልተጠራም። ላቤን የጠረግሁት ለሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ እሱም ይጠርግ ነበር።

«እንግዲያው ለሚቀጥለው ሐሙስ» አለ።

ስልኬን አወጣሁ። እሱ ደግሞ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ደብተርና ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ አወጣ። ጆንያ ላይ ደገፍ ብሎ መጻፍ ጀመረ። መነጽሬን አድርጌ ስለነበር ሳልፈልግም አነበብኩት።

«ሰውየውን ለኀሙስ ቀጥሬዋለሁ» ይላል። «ስለ 400ው። ምን እንደሆነ በዘዴ ጠይቀው።»

በብዙኃኑ ኀ ነው የጻፈው።